ሦስት ሆኖ፣ በማለዳ

የማስተምረው መፈረም ነው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ «ከአጋዥ ጋር የመሥራት ጥበብ» ይባላል፤ ተማሪዎቹ ግን «የፊርማ ክፍለ ጊዜ» ነው የሚሉት፣ ልክም ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ሰባቱም ተማሪዎች ደሴ ባለው ክፍላችን ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ በየሰሌዳቸው ላይ ስድሳ ስድሳ ዜና ይወርዳል። ዜናውን የጻፈው አጋዥ የሚባለው ማሽን ነው፤ ፎቶውንም ድምፁንም ያሰናዳው እሱ ነው። ያለ ሰው ፊርማ ዜና አይወጣም የሚል ሕግ ስላለ፣ ጋዜጠኛው አንብቦ በስሙ ይፈርማል። ለአንድ ዜና የተፈቀደው አርባ ሰከንድ ነው። ከዚያ ያለፈ ተማሪ ቢጫ መብራት ይበራበታል፤ ሦስት ቢጫ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል።

አንደኛ የሚወጣው ሙዐዝ ነው። በአሥራ አንድ ሰከንድ ይፈርማል። አንድ ቀን፣ እስኪ አሁን የፈረምክበት ስለምን ነበር ስለው፣ ስለ ዝናብ መሰለኝ አለ። ስለ ሽንኩርት ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውጤቱ ግን ከመቶ ዘጠና አራት ነው።

ዘመኑ 2076 ዓ.ም. ነው። ብሌን እባላለሁ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጋዜጠኛ የሰው በር በሚያንኳኳበት ዘመን ማብቂያ ላይ የደረስኩ ሰው ነኝ። አላገባሁም። በዚህ ዓለም ያለኝ ወንድሜ ሶፎንያስ ብቻ ነው፤ እናታችን ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አፋር ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የማዕድን ካምፕ ይሠራል። በየማለዳው፣ ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ይጮህና ድምፁ ይመጣል። «እቴ፣ እንዴት አደርሽ? በላሽ ወይ?» ይለኛል። ሳልበላ ብወጣ ያውቅብኛል።

ደሴን ከረገጠ ግን ሦስት ዓመት አልፎታል። አንዴ መንገዱ ተበላሸ፣ አንዴ ተተኪ ሠራተኛ ጠፋ፣ አንዴ ውሉ ተራዘመ። ዘንድሮ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል። ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ አዲስ ፍራሽ አስገብቻለሁ፤ ይሄኛው የምር ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ሰፈሩ ግን ይህን ወሬ ደስ ብሎት አይሰማኝም። በተለይ አጥር የምንጋራው እትዬ ቤቲ፣ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ የሶፊን ስም በጠራሁ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እርጅና ነው እል ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ገደል ገባ። አጋዥ ያኔ አዲስ ነበር፤ በአራተኛው ደቂቃ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ፒያሳ ባለው ትልቁ ሰሌዳ ላይ አወጣው። አንዲት ሴት ጎመን እየመዘነች ቀና ስትል የልጇን ስም አነበበች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ያን ጩኸት የሰማ ሰው፣ ሰሌዳውን በድንጋይ በሰባበሩት ሰዎች አይፈርድም። ከዚያ በኋላ ይሄ ነገር ወጋችንን ይማር ተባለ፤ የሚያስተምረው ሲፈለግም እኔ ተጠራሁ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደ ዜና አይነገርም። እኔ ራሴ የተረዳሁት እንደ ወጉ ነው። የሃያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ባሕር ዳር ሳለሁ አጎቴ መጣና «እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ ትጠይቂያት» አለኝ። መርሳ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም «ብርቱካን ግዢላት» አለኝ፤ ለሞተች ሴት ጥሩ ጥሩውን መርጬ ገዛሁ። ሲመሽ ዘመድ ቤት አሳደሩኝ፤ ሊነጋጋ ሲል ሦስት ሰዎች መጥተው ከበቡኝና ነገሩኝ። ውሸታቸው ያንን ሁሉ መንገድ በተስፋ አሳለፈኝ፤ እውነቱ የመጣው ሰው መሀል ቆሜ፣ የሚይዘኝ እጅ ባለበት ነው። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለዚህ ለአጋዥ ትምህርት አራትን ጻፍኩ። «የሟች ቤተሰብ ሳይረዳ ስሙ አይወጣም። መርዶ ሦስት ሰው ሆኖ፣ በማለዳ፣ በሰው አፍ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ደህና ነው ይባላል። ጠያቂው እንዳይጠረጥር የዘወትር ነገሩ አይጓደልበት።» በቃ፣ ይኸው ነው። እስከ መቼ የሚለውን አልጻፍኩም፤ ማን ይሄዳል የሚለውንም አልጻፍኩም። ለእኛ ግልጽ ነዋ። እስኪነጋ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ጎረቤት ነው፣ እድር ነው፣ ቄሱ ወይም ሼሁ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ትምህርት አራት በመላ አገሪቱ ላሉ አጋዦች ተላለፈ። ወረቀቱ በመስታወት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሏል።

በየመንፈቁ አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን አስቸግራለሁ። ከፈረሙበት ዜና አንዱን መርጠው ቦታው ድረስ በእግራቸው ሄደው ያያሉ። ያጉረመርማሉ፤ ባለፈው ዓመት አንዱ፣ ቲቸር፣ ይሄ የታሪክ ትምህርት ነው ወይ ብሎኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እላቸዋለሁ፣ እነሱም ጫማቸው እንዲቆሽሽ ሰበብ እንደፈለግኩ ቆጥረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜም «ልክ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ዘንድሮም አሥራ ስድስቱ ልክ ነው ብለው ተመለሱ። ሐያት ግን ሐሙስ ጠዋት ክፍል የገባችው አርፍዳ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም።

የደረሳት ዜና ተራ ነበር። የኩታበሩ አቶ ኑርዬ ይመር በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዘንድሮም የበልግ ገብሳቸውን ዘሩ ይላል፤ ፎቶ አለው፣ ሽማግሌው እፍኝ ዘር ይዘው ይስቃሉ። ሐያት ስትደርስ ማሳው ጦም አድሯል። በሩ ተቆልፎ ዝጓል። አንድ ጎረቤት ወስዶ መቃብራቸውን አሳያት፤ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሣር በልቶታል። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጃቸው ዘሃራ ጂንካ ነው ያለችው፣ ገና አልተረዳችምና አደራ እንዳታወሪ ብሎ አስጠነቀቃት። ሐያት ይህን ሁሉ ለክፍሉ ተናገረች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት እኔ ነኝ የፈረምኩበት» አለችኝ።

ስህተት መስሎኝ ነበር። ማሽን ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ ለተማሪም ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል ብዬ ጮክ ብዬ ሁሉም እየሰሙ አጋዥን ጠየቅኩት። አቶ ኑርዬ እንዴት ናቸው ስለው፣ ደህና ናቸው አለ፣ በዚያ በሚጥም ድምፁ። በመምህርነት ፈቃዴ ነው የምጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ አልኩት።

«አርፈዋል» አለ። «ልጃቸው አልተረዳችም። በትምህርት አራት መሠረት የዘወትር ነገራቸው አልተጓደለም። በየዓመቱ አባቴ ዘራ ወይ ብላ ትጠይቃለች።»

እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው ስለው፣ ሦስት ሰው እስኪሄድ አለ። ማን ነው የሚሄደው ስለው፣ አልተነገረኝም አለ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወዳለው መስታወት ሄደ። ኮተቤ ያለ ወይም ሞያሌ ያለ ሌላ ሰው ቢሆን የጻፈው ምነኛ ደስ ባለኝ።

ስንት እንዲህ ያለ ሰው አለ ብላ የጠየቀችው ሐያት ናት።

«በዚህ ዞን ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አለ አጋዥ።

ቀጥሎ አንዷ ሰሌዳዋን አንስታ፣ እናቴስ አለች። ደህና ናት አላት። ከዚያ ሁሉም ተያያዙት፤ አባቴስ፣ አያቴስ፣ ጎንደር ያለችው እህቴስ። አሥራ ሰባት ሰሌዳ በአንድ ክፍል ውስጥ ደህና ነው፣ ደህና ናት፣ ደህና ናቸው ይላል። አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ጥላ ወጣች፤ ቤቷ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል፣ እናቷን በዓይኗ ልታይ ነው የሄደችው። እኔም በመምህር ፈቃድ ስለ ሶፎንያስ ጠየቅኩ። የራስዎን ቤተሰብ በፈቃድ መጠየቅ አይቻልም፣ መርዶ በሰው አፍ ነው አለኝ። ይህንንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ያለ ፈቃድ እንደማንም ሰው ስጠይቀው ግን ወዲያው መለሰልኝ።

«ደህና ነው። ለፋሲካ ይመጣል።»

ሙዐዝ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተማሪ የሌላውን ሰው ቤተሰብ ለልምምድ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ከአርባ ሰከንድ በላይ አንድ ነገር ሲያነብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ሰሌዳውን ደፋው። የራሱ ሰው መስሎኝ አይዞህ ልለው ስጠጋ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ቤት እንደገባሁ ለሶፊ ደወልኩ። ፊቱ መጣ፣ ቆላው ያጠቆረው ፊት፣ ግንባሩ ላይ ያችው የልጅነት ጠባሳ አለች። እናታችን ስትሞት ምን ይዤ ነበር የመጣሁት አልኩት። ብርቱካን አለ፣ አምስቱን እኔ ነኝ የበላሁት ብሎ ሳቀ። እፎይ አልኩ፣ እንባዬም መጣ። ስልኩን ሳልዘጋ ግን ትዝ አለኝ፤ ይህን ታሪክ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አውርተነዋል። አጋዥ የማያውቀው ምን ነገር አለን? ነገ ና አልኩት። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እቴ፣ በላሽ ወይ አለኝ።

ከዚያ ያደረግኩት፣ ሐሙስ ጠዋት ማንም ቢነግረኝ የማላምነውን ነገር ነው። እኔም ከማስተማሩ ጎን ለጎን ዜና እፈርማለሁ፤ የራሴን ፊርማዎች መዝገብ ከፈትኩና ወደ ኋላ ሄድኩ። ታኅሣሥ 2073 ላይ እንዲህ ይላል፦ «በአፋር ቆላ በአንድ የማዕድን ካምፕ በደረሰ የአፈር መደርመስ አሥራ አንድ ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ። ስማቸው ቤተሰብ ሲረዳ ይገለጻል።» ቀኑን አስታወስኩት። ልቤ እየመታ ደውዬለት፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረን ብሎኝ፣ ተንበርክኬ አመስግኜ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አብርቼ ነበር። ከዜናው ግርጌ የእኔ ፊርማ አለ። ከጎኑ ዜናውን አንብቤ የፈረምኩበት ጊዜ ተጽፏል፤ ዘጠኝ ሰከንድ ይላል።

በሙዐዝ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ዕለት ርዕሰ መምህሩን አገኘሁት። ነገሩን ስጀምርለት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች እያስተካከለ፣ ሰኞ እንነጋገር አለኝ። ካምፑ ድረስ ልሄድ ነው፣ የቅዳሜ ፈቃድ ስጠኝ ስለው፣ እሱም ሰኞ ይሻላል አለ። ጸሐፊዋም ሰኞ አለች። እትዬ ቤቲ በአጥሩ በኩል፣ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ምናለ ሰኞ ብትሄጂ አሉኝ። ሐያትና ሙዐዝ ዓርብ ክፍል አልመጡም። አገሩ ሁሉ ሰኞ ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ሰው መጠርጠር የማይፈልገው ነገር አለ። የቅዳሜ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። ሻንጣዬ ውስጥ የሶፊን ሹራብ ጨመርኩ፣ በቆላ አገር ሹራብ ምን እንደሚሠራለት እኔም አላውቅ።

ቅዳሜ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በር ተንኳኳ።

በሩን ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት እትዬ ቤቲ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው ሐያት ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ከጎኗ ሙዐዝ ዓይኑ ቀልቶ። እነዚህን ልጆች ሁለት ዓመት አስተምሬያቸዋለሁ፤ ስንት ሰው ሆኖ እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰው መኖር እንዳለበት ትምህርት አራትን ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። አንዲት ነገር አላጓደሉም። ቆሜ አየኋቸውና፣ ግቡ፣ ግን አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ አልኳቸው። ሻንጣዬን ይዤው ነበር።

እትዬ ቤቲ ሁለት እጄን ያዙኝ፤ ሙዐዝ ሻንጣውን ከእጄ ወሰደው።

«ብሌንዬ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «ሶፊ የለም። ሶፊያችን አርፏል፣ ልጄ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጮኬያለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወዲያው ግቢዬ ውስጥ ስለተገኘ ጮኬያለሁ ማለት ነው። ያንን ጩኸት ለመስማት ሦስት ዓመት በር ላይ ቆመው የጠበቁ ነው የሚመስሉት፤ ወንበሩም ተዘጋጅቷል፣ ድንኳኑም ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ተተክሏል።

ሐያት ቆይታ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሐሙስ ዕለት ሙዐዝ ሰሌዳው ላይ የወንድሜን ስም ቤተሰባቸው ካልተረዳ ሟቾች መካከል አየው። በሰሌዳ የተጻፈ መርዶ እንዳይሆን፣ ከሰው አፍ ሊያረጋግጡ ሁለቱ ሆነው ኮምቦልቻ ሄዱ፤ ሰው እያጠያየቁ የካምፑን የቀድሞ ሹፌር አገኙት። ሶፊን ከአፈሩ አውጥቶ የቀበረው እሱ ነው። እዚያው ካምፑ አጠገብ፣ አንዲት ግራር ሥር። ከዚያ ደሴ ተመልሰው አንድ ትልቅ ሰው እንዲመራቸው የእትዬ ቤቲን በር አንኳኩ። ወሬውን ሊነግሯቸው ሲጀምሩ እትዬ ቤቲ አቋረጧቸው፤ ያውቁ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ጠይቁ ለማለት። እኔ ጎረቤቶቼን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አልኳቸው።

«ከደረሰ በሳምንቱ ሹፌሩ መጥቶ ነበር» አሉ እትዬ ቤቲ። «ዘመድ ይምጣና አብረን እንንገራት አልን። ስልካችን ደግሞ በየቀኑ፣ አልተረዳችም፣ አደራ እንዳያመልጣችሁ ይለናል። እኛ የሚነግርሽ ሰው እስኪመጣ ነበር የምንጠብቀው። ዛሬ ነገ ስንል ይኸው።»

አየኋቸው። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ስለ ሶፊ መምጣት ስነግራቸው የቆሙበትን አጥር፣ ያቀረረውን እንባ፣ ያመጡልኝን ድፎ ዳቦ ሁሉ አየሁት። ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ። ክፋት ቢሆን ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር። ርዕሰ መምህሩም በር ላይ ቆሞ አለ፤ ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ሰኞ ሳይደርስ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ጮኸ። ለቅሶው ሁሉ ቀጥ አለ፤ የመጣው ሰው በሙሉ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ልቤ፣ ያ ሞኝ ልቤ፣ «እቴ» የሚለውን ጠበቀ። አልመጣም። ቤት ውስጥ ያለው አጋዥ መርዶው በሦስት ሰው፣ በማለዳ፣ በሰው አፍ መነገሩን ሰምቷል፤ ሥራውን ጨርሷል። በወንድሜ ድምፅ ፈንታ ለፊርማ የቀረበ አንድ ዜና ሰሌዳው ላይ ወጣ።

«ታኅሣሥ 2073 በአፋር ቆላ በደረሰው አደጋ ሕይወታቸው ካለፈ አሥራ አንድ ሠራተኞች መካከል የአንዱ ስም ታወቀ። አቶ ሶፎንያስ የደሴ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ።» ከሥሩ ባዶ የፊርማ ቦታ አለ። ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ።

ሐያት አጠገቤ ነበረች፤ ክንዴን ይዛለች። ዜናውን አንድ ጊዜ አነበብኩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። አርባ ሰከንዱ አለፈና ቢጫው መብራት በራ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሴ ላይ ሲበራ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሎኑ ሙሉ ሰው በዚያ ቢጫ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ያየኛል፤ በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ቤቲ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።



«የቀሩት አሥሩስ?» አልኩት።

«ደህና ናቸው» አለ አጋዥ።